የሻሂ ጥምቀት

የአስመራዋ፣ የቃሓውታ ሰፈሯ ካቶሊክ ለተሚካኤል ቅድስት ለመባል የሚጎድላት ነገር አልነበረም፤ የሚተርፋት ነገር ግን ነበር፣ እሱም ምላስ ነው። ጾሙን ትጾማለች፣ መቁጠሪያዋን ትደግማለች፣ ከመቁረቧ በፊት እህል ቀርቶ ውሃ እንኳ ባፏ አይዞርም። እሑድ እሑድ ከሁሉ ቀድማ ሁለተኛው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ከሁሉ ቀድማ ትቆርባለች። ቅዳሴው ሲያልቅ ደግሞ ከሁሉ ቀድማ በሩ ላይ ቆማ ስብከቱን ትተረትረዋለች። «የዛሬው ስብከት ጥሩ ነበር፣ እጅጌው ብቻ ረዘመ» ትላለች፣ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ።

ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው። ሙያውን የተማረችው በልጅነቷ ቪላጆ ጀኒዮ በሚባለው ሰፈር ትኖር ከነበረች ጣልያናዊት ነው። ሴትዮዋ አገሯ ስትገባ ሁለት ነገር ትታላት ሄደች፤ አንዱ የእግር ስፌት መኪና፣ ሁለተኛው ቄስን አለመፍራት። በመኪናው እንጀራዋን ስትበላበት ኖረች። ሁለተኛው ግን እንጀራ አያበላም፣ መዘዝ ነው የሚያመጣ፤ የምነግራችሁም የዚያን መዘዝ ታሪክ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ምጽዋ ተይዛ አስመራ በተከበበችበት ዓመት ነው። ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ የሌለውን ከመዘርዘር ያለውን መዘርዘር ይቀል ነበር። ዱቄቱ በአውሮፕላን፣ ውሃው በቦቴ። ቦቴውም እንደ ጳጳስ ነው፤ ይመጣል ከተባለበት ቀን ዘግይቶ ይመጣል፣ ሰዉም ተሰልፎ ይቀበለዋል። የለተሚካኤል ልጅ ዲና መንታ አርግዛ ነበር። ባሏ ሊባኖስ ሆዷ ሳይገፋ ወደ በረሓ ወጥቶ ታጋይ ሆነ፣ እንደወጣም ቀረ። ምጡ ቀኑ ሳይደርስ፣ ያውም በሰዓት እላፊ መጣባት። ከደጅ መውጣት ጥይት መጥራት ነው። በጓሮ አጥር ሾልካ የደረሰችላቸው ጎረቤታቸው የጎንደሯ ስመኝ ብቻ ነበረች። ስመኝ ኦርቶዶክስ ናት፣ ግን «ምጥ ሃይማኖት አይጠይቅም» እያለች የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያዋለደች ሴት ናት።

መጀመሪያ ወንዱ ወጣ፣ ተከትላው ሴቷ። ሁለቱም እፍኝ አይሞሉም፤ የወንዱ ከንፈር ደግሞ ጠቁሯል። ስመኝ ቀና ብላ ለተሚካኤልን አየቻትና «እህቴ፣ የምታደርጊው ነገር ካለ አሁን አድርጊው» አለቻት። ለተሚካኤል ገባት። ካህን በሌለበት፣ ነፍስ ስትጨነቅ ማንም ሰው ማጥመቅ እንደሚችል ከትንሽነቷ ተምራለች። በርሜሉን ስትከፍተው ደረቅ ነው። ጀሪካኑን ደፋችው፣ ጠብ አላለም። ቤት ውስጥ የቀረው ውሃ ሕፃናቱ የታጠቡበት፣ ሳፋው ውስጥ ያለው ደምና ሳሙና የተቀላቀለበት ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን ለአራሷ ተብሎ የተቀመጠ አንድ ፔርሙዝ ሻሂ ነበር።

እጣቢውን አየች፣ ፔርሙዙን አየች። የልጅ ልጇን በእጣቢ ወደ ፈጣሪው ልትሰደው አልሆነላትም። ሻሂውን በክዳኑ ቀዳች፣ እንዳያቃጥለው እፍ እፍ አለችበት፣ ከዚያ «አቢኤል፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ» ብላ አናቱ ላይ ሦስት ጊዜ አፈሰሰች። ሴቷንም «ሄርሞን» ብላ እንዲሁ። አቢኤል ጎሕ ሲቀድ አረፈ። ሄርሞን ግን በግንባሯ የወረደውን ቀምሳ ጮኸች፤ ስመኝ ይህን እስከ ዛሬ በማርያም ትምልበታለች።

በማግሥቱ የሰበካው ቄስ አባ አስገዶም መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጆሯቸው ግን ደኅና ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ለተሚካኤል ሳትደብቅ ነገረቻቸው፣ በርሜሉንም፣ ሳፋውንም፣ ፔርሙዙንም። አባ አስገዶም መጀመሪያ የአቢኤልን ትንሽ የሬሳ ሳጥን አዩ፣ ቀጥለው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛችውን ዲናን አዩ።

«በውሃ አጥምቀሻቸዋል» አሉ።

«ኧረ አባ፣ ሻሂ ነው ያልኩዎት።»

«እኔ የሰማሁት ውሃ ነው። አንቺም ያፈሰስሽው ውሃ ነው። ከዛሬ ወዲያ ሌላ ነገር ካፍሽ እንዳይወጣ። ሰማሽ?»

«እወ፣ ሰማሁ።»

አቢኤል ከተጠመቁት ጋር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ተቀበረ። «መልአክ ሆኗል፣ አታልቅሺ» አሏት አባ አስገዶም ዲናን። ዲና እናቷን አልወጣችም፤ ቃል የሚወጣት በስንት ልመና ነው። ያቺን አንዲት ቃል ግን ይዛ ኖረች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ትንሹ መቃብር ሄዳ፣ አቧራውን በእጇ ጠርጋ ትመለሳለች። ስታለቅስ ያያት የለም፣ ስትስቅም ያያት የለም። አባ አስገዶምም ነጻነት በገባ በዓመቱ አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ የሰሙትን ውሃ ይዘው ወደ መቃብር ወረዱ።

ለተሚካኤል ይህን ነገር ሰባት ዓመት ዋጠችው። እሷን የሚያውቅ ሰው ይህ ራሱ ተአምር እንደሆነ አይጠፋውም።

ሄርሞን ሰባት ዓመት ሲሞላት ለመጀመሪያ ቁርባን ትምህርት ገባች። የሚያስተምሩት አባ ተኽለ ናቸው፤ ከሮም ተምረው የመጡ፣ ጫማቸው የሚያብለጨልጭ፣ ሳቅ የሚያልፍባቸው ወጣት ካህን። ክፉ ሰው አይደሉም። የሚያምኑትን ከልባቸው ያምናሉ፣ ችግራቸውም ይኸው ነው። አንድ ቀን ወላጆችን ሰብስበው የየልጆቻቸውን ጥምቀት እንዲያጫውቷቸው ጠየቁ። አንዱ «የኔን ጳጳሱ ራሳቸው ናቸው ያጠመቁት» አለ። የእነ ለተሚካኤል ጎረቤት ኣልማዝ ተነሥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ የእሷ ልጅ ከኢየሩሳሌም በጠርሙስ በመጣ በዮርዳኖስ ውሃ እንደተጠመቀ አወራች። ጠርሙሱን በእጇ እየለካች አሳየች፣ ማን እንዳመጣው ተናገረች፣ ከዚያም እንደገና ለካችው።

ለተሚካኤል ይህን መቻል አልቻለችም። «ልጅሽን እግዜር ያሳድግልሽ» አለች። «የእኛ ሄርሞን ግን በቅርንፉድ ሻሂ ነው የተጠመቀች። ዮርዳኖስ ይሄን ያህል መዓዛ ያለው አይመስለኝም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባ ተኽለ ብቻ አልሳቁም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ለተሚካኤል የአባ ተኽለን ፊት ስታይ አፋፉ ላይ መቆሟን ያኔ ነው የነቃችበት።

ከስብሰባው በኋላ ቢሮ አስጠሯት። ነገሩን ከሥሩ ነገረቻቸው፤ ከዚህ ወዲያ መደበቅ ምን ሊረባ። አባ ተኽለ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አወረዱ።

«ኣደይ ለተሚካኤል፣ ሻሂው ቀጭን ነበር ወይስ ወፍራም?»

«አባ፣ ሊጠጡት ነው?»

«አልቀለድኩም። ስኳርስ ነበረው?»

«ያን ዓመት ስኳር የነበረው ጄኔራሎቹ ቤት ነው። ቅጠሉም ሦስት ጊዜ የተፈላ ነው። ቅርንፉዱ ባይኖር ሻሂነቱን ራሱ ባላወቀ።»

አባ ተኽለ ገጹን ገለጡ። ጥምቀት በውሃ ነው። በወፍራም ሻሂ ከሆነ አይጸናም፤ በቀጭን ከሆነ ያጠራጥራል። «የሳፋው ውሃ ይሻል ነበር» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመጽሐፉ ሳያነሡ።

«የደም እጣቢው?»

«ሳሙናው ካልበዛ፣ ውሃነቱን አይለቅም።»

«እንግዲህ የልጅ ልጄን በእጣቢ ባጠምቅ ኖሮ ዛሬ አልከሰስም ነበር» አለች ለተሚካኤል። «ይሄን የጻፈው ሰው አራስ ቤት ገብቶ ያውቃል?»

አባ ተኽለ መጽሐፉን ዘጉት። መፍትሔው ቀላል ነው አሉ። ቅዳሜ ሄርሞን ትመጣለች፣ እሳቸው «ካልተጠመቅሽ፣ አጠምቅሻለሁ» ብለው ውሃ ያፈሱባታል። ተጠምቃ ከሆነ አይጎዳትም፤ ካልተጠመቀች ትጠመቃለች። እሑድ ከጓደኞቿ ጋር ትቆርባለች። ይህ ሳይሆን ግን መቁረብ አትችልም። ለተሚካኤልም ነገሩ አልከበዳትም። «ሕራይ አባ፣ እሺ፣ ጨርቅ እንኳ ሁለቴ ይነከራል» ብላ እየቀለደች ወደ ቤቷ ሄደች።

ቤት ገብታ ለዲና እንደ ቀልድ ነገረቻት። ዲና ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ለሄርሞን ‹ካልተጠመቅሽ› ካሏት፣ ለአቢኤልስ?»

ዲና የልጁን ስም ስትጠራ ከተቀበረ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

«እሷን ቅዳሜ ይደግሙላታል» አለች ዲና። «እሱን ማን ይደግምለታል?»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዲና እህል በአፏ አልዞር አለ። ሥራዋን ትሠራለች፣ ልጇን ታጥባለች፣ ትሪው ሲቀርብ ግን እጇን ታጥባ ትነሣለች። ለተሚካኤል አጽናናች፣ ተቆጣች፣ ለመነች፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሄርሞን ደግሞ በአንድ በኩል ነጭ ቀሚሷን በየሰዓቱ ልሞክረው እያለች እጅና እግር ትይዛለች። ለመላው ሰፈር ልጅ ቀሚስ ሰፍታ የልጅ ልጇን ከበር ልታስቀር ነው ወይ? ደግሞስ ሕያዊቷን ለማስደሰት ብላ ሙቱን ከገነት ልታስወጣ ነው?

ሐሙስ ዕለት ተመልሳ ሄደች፣ በዚህ ጊዜ ሳትቀልድ።

«አባ፣ ሁለቱ ከአንድ ማሕፀን ወጥተው ከአንድ ፔርሙዝ ተጠምቀዋል። ለእሷ ካጠራጠረ ለእሱም ያጠራጥራል። አቢኤል የት ነው ያለው?»

አባ ተኽለ ይህን አላሰቡትም ነበር፤ ፊታቸው ላይ ታየ። ወንበር ሳቡላትና በእርጋታ ማስረዳት ጀመሩ። ያልተጠመቀ ሕፃን ከገነት ውጭ፣ ሊምቦ በሚባል ስፍራ ይቀራል የሚባለው የሊቃውንት አስተያየት ነው እንጂ ቤተ ክርስቲያን ያጸደቀችው ትምህርት አይደለም። አሁን የወጣው አዲሱ ትምህርተ ክርስቶስ ደግሞ እንደነዚህ ያሉትን ሕፃናት ለእግዚአብሔር ምሕረት አደራ እንሰጣለን፣ ተስፋም እናደርጋለን ይላል።

«ተስፋ ማለት ምን ማለት ነው? ገብቷል ወይስ ደጅ ላይ ነው?»

«ተስፋ ማለት… ተስፋ ነው፣ ኣደይ።»

«ገብቷል?»

አባ ተኽለ መጽሐፉን ወደ ፊት ገለጡ፣ መልሰው ወደ ኋላ ገለጡ።

«ልጅ ሳለን» አለች ለተሚካኤል፣ «ሊምቦ ብለው ሲያስፈራሩን፣ ይህን የምትለው ቤተ ክርስቲያን ናት አሉን። እሺ አልን። አባ አስገዶም ተጠምቋል፣ መልአክ ሆኗል ሲሉን፣ ያው ቤተ ክርስቲያን ናት ብለን ቀበርነው። ዛሬ እርስዎ ያጠራጥራል ይላሉ፣ እርስዎም ቤተ ክርስቲያን ነዎት። አፏ ስንት ነው?»

«አባ አስገዶም ሩኅሩኅ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ሻሂን ውሃ የማድረግ ሥልጣን አልነበራቸውም።»

«ጌታ በቃና ውሃውን ወይን አደረገ። አገልጋዩ ሻሂን ውሃ ቢያደርግ ምን ይደንቃል? ያውም ይሄኛው ይቀላል።»

አባ ተኽለ ሳቅ አመለጣቸው፣ ቶሎ ብለውም መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ያዙ። ሲጠርጉ ፊታቸው የልጅ ፊት መሰለ። «ኣደይ ለተሚካኤል፣ እኔ ከልቤ ባዝንም የሰማሁትን አልሰማሁም ማለት አልችልም። ሻሂ ነው ብለው በሕዝብ ፊት ነገሩኝ። ውሃ ነው ቢሉኝ ኖሮ አንድ ቃል አልጠይቅም ነበር።» ወዲያው የተናገሩት ነገር አስደነገጣቸው። «ይዋሹ ማለቴ አይደለም» አሉ።

«አውቃለሁ፣ የቐንየለይ» ብላ አመስግና ተነሣች።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ መኪናው ላይ ተቀምጣ የሄርሞንን ቀሚስ ጠርዝ ስታጥፍ ዋለች። እግሯ መርገጫውን ይረግጣል፣ ሐሳቧ ግን ሰማይ ቤት ነው። ውሸት፣ ያውም ለካህን፣ መንጽሔ ያስገባል። መንጽሔ እሳት ነው፣ ግን መውጫ አለው፤ ቆይቶም ቢሆን ይወጣል። ሊምቦ ግን መውጫ እንዳለው የነገራት ቄስ የለም፣ አዲሱም መጽሐፍ ቢሆን ተስፋ ብሎ ነው የዘለለው። እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ ቀና ነው። የሚያቃጥለው ሌላው ነው። ንስሐ ልግባ ካለች ውሸቷን ማፍረስ አለባት፤ ካፈረሰችው አቢኤልም አብሮ ይፈርሳል። ስለዚህ ንስሐ የለም። ንስሐ ከሌለ ደግሞ ቁርባን የለም። ሙሉ ዕድሜዋን ከሁሉ ቀድማ የቆረበች ሴት እስክትሞት ድረስ ወንበር ላይ ልትቀር ነው። ለተሚካኤል በቄስ ትቀልዳለች እንጂ በቁርባን ቀልዳ አታውቅም። ፈራች። ዕንባዋ ነጩን ጨርቅ እንዳይነካው ፊቷን ዞር አድርጋ አለቀሰች፣ ከዚያ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ስመኝ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ምን እንደወሰነች ጠየቀቻት። ሲነገራት ራሷን ነቀነቀች። «ምስክር ካነሰሽ እኔም ውሃ ነው እላለሁ» አለች። «የእኔን ኃጢአት የሚሰማው ሌላ ቄስ ነው።»

ቅዳሜ ሦስቱ ሄዱ፣ ለተሚካኤል፣ ዲናና ሄርሞን። አባ ተኽለ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ውሃ በተሞላው የጥምቀት ገንዳ አጠገብ ይጠብቋቸዋል። ለተሚካኤል ሳትቀመጥ ተናገረች።

«አባ፣ ውሃ ነው።»

«ምኑ?»

«ያፈሰስኩባቸው። ሻሂው ቀልድ ነው። ኣልማዝ በዮርዳኖሷ ስትኮፈስብኝ አፌ አመለጠኝ።»

«ሐሙስ ዕለትም ሻሂ ነው እያሉ ነው የተከራከሩኝ።»

«እልኸኛ ነኝ፣ ሰፈሩን ይጠይቁ።»

አባ ተኽለ ለተሚካኤል ያላሰበችውን አደረጉ፤ ወደ ዲና ዞሩ። ለራሷ የሚበቃውን እሳት ቆርጣለች፣ ለልጇ ግን አልቆረጠችም። ዲና ደግሞ ውሸት አታውቅም፤ ልጅ ሳለች እንኳ ብርጭቆ ሰብራ ስብርባሪውን ይዛ የምትመጣ ነበረች።

«ዲና» አሉ አባ ተኽለ፣ «አንቺ እዚያው ነበርሽ። በምንድን ነው የተጠመቁት?»

ዲና የሄርሞንን ትከሻ ይዛ ቆማለች። ቀና ብላ የካህኑን ዓይን አየች።

«በውሃ ነው፣ አባ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

አባ ተኽለ አመኑ አላመኑ፣ ያን እሳቸውና ፈጣሪ ያውቃሉ። ብቻ መጽሐፉን ከገንዳው ጠርዝ አንሥተው ዘጉት። «እንግዲያው ሁለቱም ተጠምቀዋል» አሉ። ሁለቱም ያሉት እሳቸው ናቸው፣ ማንም አልጠየቃቸውም። የገንዳውን ክዳን ገጥመውም ልብሰ ተክህኗቸውን ሊያወልቁ ወደ ውስጥ ገቡ። ዲና ያን ዕለት ምሳ በላች።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ በነጭ ቀሚስ ሞላ። ግማሹን የሰፋችው ለተሚካኤል ናት። ሄርሞን እጆቿን አጣምራ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ትናንት በመስታወት ፊት እንደተለማመደችው ሄዳ ቆረበች። ከልጆቹ በኋላ የትልልቆቹ ተራ ደረሰና ወንበሩ ሁሉ ተነሣ። ለተሚካኤል አልተነሣችም። ሰዉ ዞር ዞር እያለ አያት፣ ከጀርባዋ መንሾካሾክ ተሰማ። ዓይኗን ጉልበቷ ላይ ተክላ ዲና እስክታልፍ ጠበቀች። ዲና ግን አጠገቧ ቁጭ እንዳለች ናት።

«ሂጂ እንጂ» አለቻት በሹክሹክታ።

«አልሄድም። እኔም ብያለሁ።»

«እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ አንቺ ምን አገባሽ ጓለይ።»

«ልጄ ነው» አለች ዲና። እጇን ዘርግታም የእናቷን በመርፌ የተበሳሳ እጅ ያዘች።

ኣልማዝ ቆርባ ስትመለስ ወንበራቸው አጠገብ ስትደርስ እግሯን ጎተተች። እንዲህ ያለ ነገር አይታ እንዴት ዝም ብላ ትለፍ። ጎንበስ ብላ «ኣደይ ለተሚካኤል፣ ምነው ዛሬ ከቁርባን ቀራችሁ?» አለች።

ለተሚካኤል ቀና አለች። «ረስተን ሻሂ ጠጥተን መጣን» አለቻት።

ኣልማዝ ከንፈሯን መጥጣ አለፈች። ዲና ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ፣ ለተሚካኤል መጀመሪያ የምታለቅስ መስሏት ደነገጠች። እያለቀሰች አልነበረም። ሰባት ዓመት ሙሉ ያልሰማችው ሳቅ ነው። «እንግዲህ መንጽሔው ይምጣ» አለች ለተሚካኤል በልቧ፣ የልጇን እጅ እንደያዘች ወንበሯ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።